ዳማዋ የሮጠችበት መሬት

ጥር 12 ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ከደሴ ተነስቶ ወደ ጉጉፍቱ የወጣ ሰው ያንን ብርድ ያውቀዋል። ሜዳው ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ሳሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ፈረሶቹ በተነፈሱ ቁጥር ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል። እኔ የአጎቴን ባና ደርቤ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው ደብተር ይዤ፣ ጣቴ ደንዝዞ ቁጥር መጻፍ አቅቶኝ ቆሜያለሁ።

የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነው። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ለማምጣት ከመነሳታቸው በፊት ፈረስ ሊያሯሩጡ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓት ልይዝላቸው ነው። ማንም ያዝልን አላለኝም።

እዚያ ሜዳ ላይ ምን እንዳደረሰኝ ላውራ። ደሴ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ማታ ቤት መጣና ቡና እየጠጣን ድንገት፣ “ጋሼ፣ ፈረስ በሒሳብ ይገመታል ይላሉ፣ እውነት ነው?” አለኝ። ልጁ 22 ዓመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ውርርድ ቤት እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ኳስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡ የኮምፒውተር ፈረሶችም አሉ። በእነሱ ላይ ቲኬት ይቆርጣል። በዚያ ሳምንት ለባጃጁ ባለቤት ማስገባት የነበረበትን 4,000 ብር ተበልቷል። ይህን የነገረኝ ግን በኋላ ነው። ያን ማታ “እስቲ ላንብብና እነግርሃለሁ” ብዬ ሸኘሁት።

ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ መተው አልቻልኩም።

ነገሩ የሚነሳው ከቀላል ጥያቄ ነው። አንድ ፈረስ 1200 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሮጠ። ሌላው በሌላ ቀን ያንኑ ርቀት በ1 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። የትኛው ይፈጥናል? ክፍል ውስጥ ብጠይቅ ሁሉም “የመጀመሪያው!” ብሎ ይጮሃል። ትክክለኛው መልስ ግን “ገና አይታወቅም” ነው። የመጀመሪያው ፈረስ የሮጠው መሬቱ ደርቆ ጥብቅ ባለበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ዝናብ ያበሰበሰው አሸዋ ውስጥ እግሩን እየነቀለ ሮጦ ይሆናል። ሰዓቱ የሁለቱን ነገር ድምር ነው የሚነግረን፤ የፈረሱንና የመሬቱን። የፍጥነት ነጥብ የሚባለው ዘዴ ሥራው እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ዘዴውን ለሕዝብ በግልጽ ያስረዳው አሜሪካዊው አንድሩ ቤየር ነው። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የፈረስ ውድድር አምደኛ ነበር፣ በ1975 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጻፈበት። አካሄዱ እንዲህ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ፣ በየርቀቱና በየደረጃው፣ አሸናፊ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ ከብዙ ውድድር ይሰበሰባል። ከዚያ የአንድ ቀን ውድድሮች በሙሉ ከዚያ ከተለመደው ሰዓት ጋር ይነጻጸራሉ። በዕለቱ ሁሉም ውድድር በአንድ ሰከንድ ገደማ ከዘገየ፣ ፈረሶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ተስማምተው አልሰነፉም። መሬቱ ነው የያዛቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ያ አንድ ሰከንድ ይመለስለታል። በመጨረሻ ሰዓቱ ወደ ነጥብ ይለወጣል፣ የ1200 ሜትሩም የ1800 ሜትሩም ሩጫ በአንድ ሚዛን እንዲነበብ። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አንድ አምስተኛ ሰከንድ በአጭር ሩጫ የሚያመጣው የነጥብ ልዩነት በረጅም ሩጫ ከሚያመጣው ይበልጣል። ደግሞም ልክ ነው፤ ሩጫው ባጠረ ቁጥር ያቺ ቅንጣት ጊዜ ከጠቅላላው ላይ የምትይዘው ድርሻ ትልቅ ነው።

ከቤየር በፊትም እንግሊዝ ውስጥ ፊል ቡል የሚባል ሰው በሰዓት ላይ ተመሥርቶ ፈረስ ይገምት ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ታይምፎርም የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ ዛሬም ድረስ ለፈረሶች ደረጃ ይሰጣል። ሰውዬው መጀመሪያ የሒሳብ መምህር ነበር። ይህን ሳነብ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም።

ሰዓት መያዝ ራሱ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሴክሬታሪያት የሚባለውን ፈረስ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች አከታትሎ አሸነፈ። በኬንታኪ ደርቢ 1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከሁለት አምስተኛ ገባ። ሩጫው በአምስት ሲከፈል እያንዳንዱን ክፍል ከፊተኛው በበለጠ ፍጥነት ነው የሮጠው፤ ሌሎቹ እየደከሙ ሲሄዱ እሱ እየጨመረ። በቤልሞንት 2400 ሜትር ገደማውን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨርሶ ተከታዩን በ31 ፈረስ ርዝመት ጥሎት ሄደ። ያ ሰዓት እስካሁን አልተሰበረም። አንድ ፈረስ ርዝመት 2.4 ሜትር ያህል ነው ብለን ብናሰላ ወደ 75 ሜትር ይመጣል። ከእሱ እስከ ተከታዩ ፈረስ ያለው ባዶ ቦታ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ሦስት አራተኛ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

በመካከለኛው ውድድር፣ በፕሪክነስ ግን የሜዳው ሰዓት መቁጠሪያ ተበላሸ። መጀመሪያ የተመዘገበው 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ነበር። በእጃቸው ሰዓት የያዙ ባለሙያዎች ከዚያ በጣም ያነሰ ቆጥረው ስለነበር ክርክሩ ለዓመታት ቆየ። በ2012 እ.ኤ.አ. የሜሪላንድ የውድድር ኮሚሽን ቪዲዮውን አስመርምሮ 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ብሎ አጸደቀው። ከ39 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፈረሱ ከሞተም ቆይቷል። እኔ ግን ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ሰው ለአንድ ፈረስ ለሁለት ሰከንድ እውነት 39 ዓመት ሲሟገት ደስ ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ ነው ጥር 12 ጠዋት ያ ሜዳ ላይ የቆምኩት።

የእህቴን ልጅ ይዤው ወጥቻለሁ። ሆን ብዬ ነው። “እውነተኛ ፈረስ እንለካለን” ብዬ ባጃጁን ለሁለት ቀን አስቆምኩት። ከአንድ ግንበኛ ጎረቤቴ 50 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ተውሰን፣ በዋዜማው 12 ጊዜ እየዘረጋን 600 ሜትር ለካን። መነሻው ላይ እሱ ነጭ ጋቢ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ጋቢውን ሲጥለው ፈረሱ ይነሳል፣ እኔ መድረሻው ላይ ሆኜ ስልኬን እጫናለሁ። አንድ ሌላ የሠርጉ ልጅ ደግሞ አጠገቤ ሆኖ በራሱ ስልክ ይይዛል። የሁለታችን ሰዓት በ0.4 ሰከንድ የተለያየበት ጊዜ ነበር። ትንሽ ይመስላል። በዚያ ፍጥነት ግን ወደ 4 ሜትር ተኩል ነው፣ ሁለት ፈረስ ርዝመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ስለዚህ አማካዩን ወሰድን።

ጠዋት ቦራው ሮጠ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንገተ ረጅም፣ የጎረቤት ፈረስ ነው። 52 ሰከንድ። ከእሱ በኋላ ግራጫው ሮጠ፣ 56 ሰከንድ። ሌሎችም ሮጡ፣ ግን የሁለቱ ነው የሚያስፈልገን።

የአጎቴ ዳማ ፈረስ ያን ጠዋት አልነበረችም። ከማዶ ካለው ቀዬ አድራ ረፋድ ላይ መጣች። 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ወጥታ፣ ውርጩ ለቆ፣ ሰዉም ሞቅ ብሎት ነበር። ዳማዋን አስሮጥናት። 55 ሰከንድ። ግራጫውንም ደገምነው። 60 ሰከንድ።

እኔ ቁጥሩን አየሁና ቦራው ዳማዋን በ3 ሰከንድ ይበልጣታል አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አንዱ ሚዜ፣ “ነገ ጠዋት ጎን ለጎን ይሩጡ፣ እኔ በዳማዋ 500 ብር አስይዛለሁ” አለ። እጄን ልዘረጋለት ስል አጎቴ ከኋላዬ ጠሩኝ።

“አንተ ልጅ፣ ቦራውን መቼ ነው ያስሮጥከው?”

“ጠዋት፣ 1 ሰዓት ላይ፣ ጋሼ።”

“ዳማዋንስ?”

“አሁን።”

“ና እስቲ።”

ዳማዋ አጠገብ ሄደው በርከክ አሉና የፊት እግሯን አነሱ። ጫማ የላትም፣ የእኛ አገር ደጋ ፈረስ እንዲሁ ነው። ከሰኮናዋ ሥር ጥቁር ዋልካ ከሳር ጋር ተጠቅጥቆ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። አጎቴ በእንጨት ፈልቅቀው አወጡትና እጄ ላይ አስቀመጡት። ይከብዳል። ገና እርጥብ ነው። የሰኮናዋ ቅርጽ እንዳለ ታትሞበታል።

“ይችን ይዛ ነው የሮጠችው” አሉኝ። “ቦራው የሮጠው ውርጩ መሬቱን እንደ ድንጋይ አድርጎት ሳለ ነው። ታች ምንጩ ዳር ያለውን ረግረግ አላየኸውም? ጠዋት ደርቆ ነበር። አሁን ሂድና እርገጠው።”

ሄጄ ረገጥኩት። ጫማዬ እስከ ክሩ ገባ።

በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን በቃል መግለጽ ይከብደኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነበው የነበረው ነገር ነው! አሜሪካ ውስጥ የሰው ልጅ በሺህ ውድድር ሰብስቦ ያሰላው የመሬት ማስተካከያ እጄ ላይ አንድ ጉርሻ ጭቃ ሆኖ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ደብተር ይዤ፣ ሜትር ተውሼ፣ ስልክ አመሳስዬ፣ ዋናውን ነገር ረስቼዋለሁ። አጎቴ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም። ስለ ቤየር አልሰሙም። ግን ሰዓቱን ሳይሆን መጀመሪያ መሬቱን ነው የጠየቁኝ።

ወሎ ፈረስን እንደሚያውቅ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ንጉሥ ሚካኤል እንኳን የፈረሳቸው ስም አባ ሻንቆ ነበር፤ ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት ዘመን ማለት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ፈረሰኞቻቸው የጣሊያኑን ጄኔራል የዳቦርሚዳን ጦር አሳደው እንዳጠቁ በታሪክ ተጽፏል። ልጅ ሆነን አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ስናልፍ ይህን ይነግሩን ነበር። ግን ፈረስን ማወቅ ማለት ዝና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህ ያለ ነገርም ነው፣ እግር አንሥቶ ማየት።

ወዲያው ተቀምጬ አሰላሁ። ሁለቱንም ጊዜ የሮጠ አንድ ፈረስ አለኝ፣ ግራጫው። ጠዋት 56፣ ረፋድ 60። ፈረሱ ያው፣ ጋላቢው ያው፣ የተለወጠው መሬቱ ነው። ስለዚህ የረፋዱ መሬት 4 ሰከንድ ይይዛል። ከዳማዋ 55 ላይ 4 ስቀንስ 51 መጣ። ቦራው 52። አሸናፊዋ ዳማዋ ናት፣ በአንድ ሙሉ ሰከንድ። በዚያ ፍጥነት አንድ ሰከንድ 11 ሜትር ተኩል ነው። ወደ አምስት ፈረስ ርዝመት ትጥለዋለች ማለት ነው።

ለአጎቴ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። “ታሸንፋለች። አምስት ፈረስ ግን አትጥለውም።” ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። የሠርግ ሰው እየጠራቸው ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ። የእህቴ ልጅ ጋቢውን ጣለ። መጀመሪያ ቦራው ቀደመ። ከመካከል በኋላ ዳማዋ አንገቷን ዘርግታ ተጠጋችው፣ ረግረጉ ጋ ስትደርስ ተካከሉ፣ ከዚያ አለፈችው። መድረሻው ላይ በአንድ ፈረስ ርዝመት ነው የበለጠችው፣ ቢበዛ ቢበዛ በአንድ ተኩል። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔ ደብተሬን እያየሁ ቀረሁ። ሦስት ተኩል ፈረስ የት ጠፋ?

ከምሳ በኋላ አጎቴን ያዝኳቸውና ጠየቅኳቸው።

“ግራጫው ትናንት ጠዋት ከሮጠ በኋላ ምን ሲሠራ እንደዋለ ታውቃለህ?” አሉኝ። አላውቅም። “ሁለት ጊዜ ወንዝ ወርዶ ለድግሱ ውኃ ጭኖ ወጥቷል።”

በቃ። 60 ሰከንዱ የመሬቱ ብቻ አልነበረም፣ የድካምም ነበር። እኔ ድካሙን ሁሉ በመሬቱ ላይ ጫንኩት። ከዚያም ያንኑ ለዳማዋ መልሼ ስሰጣት ከሚገባት በላይ ሰጠኋት። አንድ ፈረስ ይዞ መሬት መለካት አይቻልም። ቤየርና መሰሎቹ ከብዙ ውድድር የሚሰበስቡት ለዚህ ነው። አንዱ ፈረስ ደክሞ፣ ሌላው ታሞ፣ ሌላው ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሲሆኑ ግን የእያንዳንዱ ችግር እየተጣፋ የመሬቱ ብቻ ይቀራል። ይህን በስታቲስቲክስ ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ነጥቡ የማይነግረን ሌላም ብዙ አለ። ጋላቢው ምን ይመዝናል? ኬንታኪ ደርቢ ላይ ወንድ ፈረሶች 57 ኪሎ ገደማ ይሸከማሉ፤ ጋላቢው ካነሰ ክብደቱ እንዲሞላ የእርሳስ ብረት ይጨመርበታል። እኛ ሜዳ ላይ ቦራውን የጋለበው የ15 ዓመት ልጅ ነበር፣ ዳማዋን ደግሞ ትልቅ ሰው። ሌላ ደግሞ ጥምዝ ባለው ሜዳ የውጭውን የያዘ ፈረስ የውስጡን ከያዘው የበለጠ ርቀት ነው የሚሮጠው፣ ሰዓቱ ግን ይህን አይጨምርለትም። ብቻውን ፊት ወጥቶ ማንም ሳይጋፋው የሮጠ ፈረስ ሰዓቱ ያምራል፤ ሌላ ቀን ሁለት ተፎካካሪ ከጎኑ ሲገጥመው ያ ሰዓት አይደገምም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ነጥቡ ያበላል ወይ?

ለስድስት ወር በደብተር ብቻ ሞክሬዋለሁ፣ አንድም ብር ሳላወጣ። የአሜሪካ ውድድር እየመረጥኩ፣ ሩጫው ሳይጀመር ከፍተኛ ነጥብ ባለው ፈረስ ላይ 100 ብር እንዳስያዝኩ እየጻፍኩ። 60 ውድድር ያዝኩ፣ 6,000 ብር ማለት ነው። 19 ጊዜ አሸነፍኩ። ከሦስት አንድ ያህል፣ መጥፎ አይደለም። የተመለሰልኝ ግን 5,080 ብር ነው። 920 ብር ከሰርኩ፣ እያሸነፍኩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እዚያ አገር የተወራራጆቹ ገንዘብ አንድ ላይ ይጠራቀማል፣ አዘጋጁ ድርሻውን ያነሳል፣ የቀረው ለአሸናፊዎቹ ይከፋፈላል። ድርሻው እንደ ውርርዱ ዓይነት ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፈረሱን በትክክል መገመት አይበቃም። ሌላው ያላየውን ማየት ያስፈልጋል። ቤየር ነጥቡን ብቻውን ሲያሰላ ሌላው አላየውም ነበር፣ ስለዚህ ይበላ ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. ዴይሊ ሬሲንግ ፎርም የተባለው ጋዜጣ ነጥቦቹን ለሁሉም ማተም ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ፈረስ ላይ ሁሉም ይከማችበታል፣ ክፍያውም ይወርዳል። ቁጥሩ ያው ነው፣ እውነትነቱም አልቀነሰም። የቀነሰው ዋጋው ነው። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ብቻ ጤፍ የሚረክስበትን ቀን ሲያውቅና ከተማው ሁሉ ሲያውቅ ያለው ልዩነት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሚያበሳጨኝን ልናገር።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ መጀመሪያውኑ ስለ አሜሪካ ፈረስ አልነበረም። ስለ ስክሪኑ ፈረስ ነው የጠየቀኝ። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ከእሱ ጋር አንድ ውርርድ ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሞልቷል። ግማሹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፣ ሲያዩኝ አቀረቀሩ። ስክሪኑ ላይ ስድስት ፈረሶች ይቆማሉ፣ ቁጥርና ስም አላቸው፣ ከጎናቸው ኦድ፣ ማለትም ፈረሱ ቢያሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ ተጽፏል። ይሮጣሉ። ሰው ይጮሃል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሌሎች ስድስት ይመጣሉ። አቧራ እንኳን ይነሳል፣ የሰኮና ድምፅም አለው።

ከጎኔ አንድ ልጅ በላብ የራሰ ወረቀት ላይ አሸናፊ ቁጥሮችን ደርድሮ ጽፏል። “ሦስት ቁጥር ከወጣ ሰባት ዙር ሆነው፣ አሁን ይመጣል” አለኝ። አልመጣም። “ቅድም ሊያሸንፍ ትንሽ ነው የቀረው” አለ ሌላው፣ በጣም ከልቡ።

ሦስት ቁጥር ምንም አልቀረውም። እግር የለውም። ውኃ ጭኖ አያውቅም። የሮጠበት መሬት የለም። ኮምፒውተሩ ዕጣ ያወጣል፣ ከዚያ ፊልሙ ይታያል። ያለፈው ዙር ለሚቀጥለው አንዳች ነገር አይነግረውም። ዕጣ ቅድም የወጣውን አያስታውስም።

ኦዱን ደግሞ ማንም ልጅ በስልኩ ካልኩሌተር ሊያሰላው ይችላል። ለምሳሌ የስድስቱ ፈረሶች ኦድ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 ቢሆን፣ 1ን ለእያንዳንዱ አካፍላችሁ ደምሩት። 1.175 ይመጣል። ቤቱ ትርፍ ባይዝ ኖሮ ድምሩ ልክ 1 ይሆን ነበር። ያቺ ትርፍ የቤቱ ናት። በረጅሙ ሲታይ ከ100 ብር ላይ 85 ገደማ ይመለሳል፣ 15 ይቀራል ማለት ነው። በየዙሩ። እውነተኛ ፈረስ ላይ ያንን 15 ብር በእውቀት ለማሸነፍ ቢያንስ መታገል ይቻላል፤ ቤየር ታግሎ ለዓመታት በልቶበታል። ስክሪኑ ላይ ግን ለመታገል የሚጨበጥ ነገር የለም። የማነሳው እግር የለም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ “ታዲያ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ደብተር ለምንድን ነው?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ሠርጉ ይዤው የወጣሁት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀን፣ ከሩጫው በኋላ፣ አጎቴ ዳማዋን እንዲያበርዳት ለእሱ ሰጡት። ልጓሟን ይዞ በቀስታ እየመራ ሜዳውን ዞረ። ከሩቅ ሳየው ጋማዋ ሥር እጁን ከትቶ ይሞቃል። ሲመለስ፣ “ልቧ እንዴት እንደሚመታ! ደረቷ ላይ እጄን ሳደርግ ይሰማኛል እኮ” አለኝ። “አብሽር፣ ትበርዳለች” አሉት አጎቴ፣ እያበጠሯት።

ደሴ ከተመለስን በኋላ ውርርድ ቤት መግባት ጨርሶ ተወ ብል ውሸት ነው። ኳስ ላይ አልፎ አልፎ ቲኬት ይቆርጣል። የስክሪኑን ፈረስ ግን ትቷል። የባጃጁ ባለቤትም ዕዳውን በየሳምንቱ ቀስ እያለ ተቀበለው፣ እግዜር ይስጠው። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ደንግጬ ነው ያነሳሁት፣ እንደገና ተበላ ብዬ።

“ጋሼ፣ ግራጫው ውኃ ባይጭን ኖሮ ረፋድ ላይ ስንት ይሮጥ ነበር?”

ቁጭ ብለን በስልክ አሰላነው። ዳማዋ በአንድ ፈረስ ተኩል ከበለጠች፣ በሰዓት 0.3 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ መሬቱ የያዘው 4 ሳይሆን ወደ 3.3 መሆን አለበት፣ ግራጫው ደግሞ 59.3 አካባቢ ሊሮጥ ይገባው ነበር። የቀረው 0.7 የውኃው ነው። “ግን ጎን ለጎን ሲሆኑ ተፎካክረው ነው የሮጡት፣ ብቻቸውን አይደለም” አለኝ። ልክ ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ዘንድሮ ለጥር እንደገና እንወጣለን። አራት ፈረስ ሁለት ሁለት ጊዜ እናስሮጣለን፣ በውርጩና ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ጋላቢዎቹንም በሚዛን እናስመዝናለን። የእህቴ ልጅ የራሱን ሜትር ገዝቷል፣ 100 ሜትር የሚዘረጋ። ትናንት አጎቴ ደውለው ውርጩ እንደጀመረ ነገሩኝ። የውኃውን ጉዳይ አንሥቼ፣ በዚያን ቀን በግራጫው ላይ ምንም እንዳይጫንበት አደራ ብያቸዋለሁ።